ሳይነስ ምንድን ነው? አደይ አበባንስ ለምን እንከሳታለን?

መስከረም በጠባ ቁጥር በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት አንድ ነገር ይደጋገማል፦ «ዶክተር፣ ሳይነሴ ተነስቶብኛል፤ አሞክሳሲሊን ይስጡኝ።» ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለኝ ወጣት እንጦጦ ሽርሽር ውሎ መመለሱ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ትኩሳት የለውም። ስሙን ሳልጠይቀው ሰባቴ አከታትሎ አስነጠሰ። ከአፍንጫው የሚወርደው እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ እያሳከከው የአፍንጫውን ጫፍ በመዳፉ ሽቅብ ያሻል። ይህ የሣር አለርጂ ነው።

ሳይነስ በሽታ አይደለም። «ሳይነስ አለብኝ» ማለት «ጉልበት አለብኝ» እንደ ማለት ነው፤ ታዲያ ይኑርህ እንጂ! ሳይነሶች በግንባር፣ በጉንጭና በዓይኖች መካከል ያሉ፣ አየር የሞላባቸው የአጥንት ክፍተቶች ናቸው። ሲቆጡ ሳይነሳይተስ ይባላል።

አፍንጫን ሳሎን፣ ሳይነሶቹን ጓዳ አድርጉት። ጓዳዎቹ ወደ ሳሎኑ የሚከፈቱ ጠባብ በሮች አሏቸው። የእንጨት በር በክረምት ርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ አላያችሁም? በአለርጂም እንዲሁ ነው፤ የሣር ብናኝ ሳሎኑ ውስጥ ሲገባ በሩ ያብጣል፣ ጓዳው ይታፈናል፣ ግንባር ይከብዳል። እሺ፣ በር ስላበጠ ፖሊስ ይጠራል? አሞክሳሲሊንን የመሰለ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ ፖሊስ ነው። ሌባ ሲያጣ የሚደበድበው የቤቱን ሰው ነው፤ ሆዳችሁን ጠይቁት። በእርግጥ ታፍኖ የከረመ ጓዳ ይሻግታል፤ ያኔ ባክቴሪያ ይገባበታል። ግን ያንን የምንጠረጥረው ሕመሙ ሳይሻል 10 ቀን ሲያልፍ፣ ተሽሎት ሲያገረሽ፣ ወይም ከባድ ትኩሳትና የፊት ሕመም ለቀናት ሲከታተል ነው። የንፍጥ አረንጓዴ መሆን ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ሰሞኑን ደግሞ ታክሲ ውስጥ በተከፈተ ሬዲዮ አንድ ተናጋሪ «ሳይነስ ያለባችሁ ከአደይ አበባ ራቁ» ሲሉ ሰማሁ። አደይ አበባ ምን በደለች? ያን ቢጫ የለበሰችው ንብ ልትጠራ ነው። ብናኟ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ በንብ እግር እንጂ በነፋስ ብዙ አይሄድም። ነፋስ የሚጠቀመው ማንም ዘወር ብሎ የማያየው ሣር ነው፤ ንብ አይጠራም፣ ስለዚህ ቀለም አያስፈልገውም። ዝናቡ ሲያባራ፣ ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ፣ ብናኙን ይለቀዋል። እኛም ዛላ ያወጣውን ሣር አጭደን ለእንቁጣጣሽ ሳሎን ውስጥ እንጎዘጉዘዋለን፤ ከዚያ የአበባ ማስቀመጫውን ወደ ውጭ! የደመራው ጭስ ያስነጠሰው ሰው ግን አለርጂ ላይሆን ይችላል፤ ጭስ ማንንም ይቆጠቁጣል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የአክስቴ ልጅም በሴፕቴምበር ጎልደንሮድ የሚባለውን ቢጫ አበባ ይረግማል። እዚያም ጥፋተኛው አጠገቡ የበቀለው፣ አበባው ዓይን የማይስበው ራግዊድ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ሳትጠይቁኝ ልናገርና፦ ሴትሪዚን ማስነጠሱንና ማሳከኩን ይቀንሳል፤ አንዳንዱን ግን ያስተኛል፤ ሌላው የአለርጂ መድኃኒት ክሎርፌኒራሚን ደግሞ በማስተኛት ይብሳል። ወጣቱን መጀመሪያ የጠየቅኩት «መኪና ትነዳለህ?» ብዬ ነው። እብጠቱን በደንብ የሚያወርደው በአፍንጫ የሚነፋው ስቴሮይድ ነው፤ ግን ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ቀናት ይፈልጋል። በየዓመቱ መስከረም የሚያምሰው ሰው ሐኪሙን አማክሮ ጳጉሜን ላይ ቢጀምረው ይሻላል። ሲነፉት ጫፉን በግራ አፍንጫ በቀኝ እጅ፣ በቀኝ አፍንጫ በግራ እጅ አድርጎ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ማዞር ነው፤ መሐሉን ከመቱት ሊደማ ይችላል። ወዲያው የሚከፍተው ጠብታ፣ ኦክሲሜታዞሊን፣ ከ3 ቀን በላይ አይሁን፤ ካለፈ ሲያቆሙት አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ሊዘጋ ይችላል። ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሰው እኔን ሳይሆን ሐኪም ይይ።

ወጣቱ ሴትሪዚኑን ይዞ ሄደ። በማግስቱ እህቱ መጣች። «ዶክተር፣ ለወንድሜ የሰጡትን የሳይነስ መድኃኒት ለእኔም ይስጡኝ።»