«ቤቱ ጸድቷል፤ ካርታው ግን የለም»፦ ስለ ቤትና ቢሮ ሥርዓት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ስለ ሥርዓት ያለው አስተያየት ከሌላው ሰው ትንሽ ይለያል፤ እዚያ ወረቀቱ የአንድ ሰው አይደለምና። እኔ ያስቀመጥኩትን ደብዳቤ እኔ በሌለሁበት ቀን ሌላ ሠራተኛ ካላገኘው፣ መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ደብዳቤው ጠፍቷል ማለት ነው። ይህንኑ መለኪያ ይዤ ቤቴንም የጎረቤቶቼንም ቤት ስመለከት፣ ስለ «የተደራጀ ሰው» ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው አብዛኛው ነገር አልገጥም ይለኛል።

«የተደራጀ ቤት ማለት የጸዳ ቤት ነው»

የበዓል ዋዜማን አስቡ። ወለሉ ይታጠባል፣ መጋረጃው ይቀየራል፣ ሳሎን ውስጥ የተበታተነው ሁሉ በእቅፍ ተሰብስቦ መኝታ ቤት ይገባና በሩ ይዘጋበታል። እንግዳው «ቤታችሁ እንዴት ያምራል!» ብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ የቤቱ ካርታ ሲፈለግ ነው ጉዱ የሚወጣው። እኛ ቤት እንዲህ ባለ ጽዳት የጠፋው የእናቴ የጡረታ ደብተር ከአራት ወር በኋላ የተገኘው ረከቦት የምናስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ ነው። ማን እንዳስቀመጠው ሁላችንም እናውቃለን፤ እስከ ዛሬ ግን ያመነ የለም።

ጽዳት ሌላ፣ ሥርዓት ሌላ ነው። ሁለቱን ማምታታት በመሥሪያ ቤቶችም አለ፤ በካይዘን የደረሰውን ማየት ይበቃል። ይህ ከጃፓን የመጣ የአሠራር ማሻሻያ መንገድ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በብዙ ፋብሪካዎችና ቢሮዎች ተሞክሯል። መነሻው በአማርኛ «አምስቱ ማ» ይባላል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ልብ በሉ፣ ማጽዳት የመጣው ሦስተኛ ላይ ነው። እኛ ጋር ግን «ዛሬ ካይዘን ነው» ከተባለ ሁሉም መወልወያ ፍለጋ ይሮጥ ነበር። ከ10 ዓመት በፊት የተበላሸ ማተሚያ ማሽን አቧራው ተጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማጣራት ቢቀድም ኖሮ ማሽኑ በንብረት ክፍል በኩል ይወገድ ነበር፤ የሚጠረግም ነገር አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው «ማ»፣ ማስቀመጥ፣ ለቤት ሰነድ በጣም ይጠቅማል። ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የኪራይ ውል፣ ሁሉም በአንድ ክላሰር ይግቡ። ፍራሽ ሥር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ ባለ ሻንጣ ውስጥ ተከፋፍለው አይቀመጡ። በክላሰሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሰነዶቹ ዝርዝር ይለጠፍ። ፎቶ ኮፒው ከዋናው ተለይቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከመዝገብ ቤት የማወርሳችሁ አንድ ዘዴም አለ፦ ዋናው ሰነድ ከቦታው ሲወጣ በምትኩ ብጣሽ ወረቀት ይገባል። «ካርታው በጥር 12 ለባንክ ወጣ፤ እህቴ ናት የያዘችው» ይላል። ሰነዱ ሲመለስ ብጣሹ ይወጣል። ይህች ብጣሽ ወረቀት ያዳነችኝን ጠብ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

«ለመደራጀት መጀመሪያ መደርደሪያና ሳጥን መግዛት ያስፈልጋል»

ዕቃው ሳይጣራ ከመርካቶ ስድስት ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሳጥን ቢገዛ፣ የተዝረከረከው ነገር ክዳን ይገጠምለታል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። መጀመሪያ ይጣራ፣ የቀረው ይለካ፣ ከዚያ ካስፈለገ ይገዛ። እስከዚያው የጫማ ካርቶን ይበቃል።

«ዓመት ያልነካነውን ሁሉ መጣል ነው»

ይህ ምክር ከውጭ የመጣ ነው፤ ወደ ጎረቤት ሱቅ ወርዶ ሁሉን ነገር በሚያገኝ ሰው ቤት ሊሠራ ይችላል። ትልቁ ድስታችን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ላይነካ ይችላል፤ ለቅሶ ወይም ክርስትና ሲመጣ ከእኛ አልፎ ለጎረቤትም ይተርፋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ጀሪካን ትርፍ ዕቃ አይባልም።

ይህን ስል ግን «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ብለን ያከማቸነውን ሁሉ መባረኬ አይደለም። በእኛ ማድ ቤት 14 ባዶ የዘይት ጠርሙስ፣ እጀታው የተሰበረ ጀበና እና በፌስታል የታጨቀ ፌስታል ነበር። ስለዚህ የምጠይቀው ጥያቄ ከጊዜ ይልቅ ስለ ማግኘት ነው፦ ነገ ድንገት ቢያስፈልገኝ ማግኘቱ ይከብደኛል ወይ? ድስቱ ይከብዳል፣ ይቀመጥ። ፌስታሉ አይከብድም፣ ይሂድ። መሸኛውም ደጃችን ድረስ ይመጣል፤ ልዋጩም ቆራሌውም ጠዋት ጠዋት እየተጣሩ ያልፋሉ። የሚወጣው ዕቃ ግን ቀድሞ በአንድ ማዳበሪያ ተሰብስቦ በር አጠገብ መቀመጥ አለበት። አለዚያ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ተሰምቶ ዕቃው እስኪፈለግ ሰውየው ሰፈሩን ለቅቆ ይሄዳል።

«ጭንቅላቴ መዝገብ ነው፤ መጻፍ አያስፈልገኝም»

ጥሩ የማስታወስ ችሎታ ያለው ሰው በአገራችን ይከበራል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሰው እንኳ «ሐሙስ ለመብራት ክፍያ፣ ዓርብ ለእድር፣ ቅዳሜ የልጁ የወላጅ ስብሰባ» የሚለውን ዝርዝር ተሸክሞ ቢውል ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖ እና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ያልተፈጸመ ጉዳይ ሰው ሌላ ሥራ ሲሠራ እየመጣ ሐሳቡን እንደሚበታትን አሳይተዋል። ደስ የሚለው ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ጉዳዩ ባይፈጸምም መቼና እንዴት እንደሚፈጸም ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት፣ ብጥበጣው ይቆማል። የእድሩን ገንዘብ ዛሬ መክፈል ባይቻል እንኳ «ዓርብ ከሥራ ስወጣ» ብሎ መጻፍ ዛሬን ያሳርፋል ማለት ነው።

ሲጻፍ ግን የእኛ አገር ሰው ብዙው ዓለም የሌለበት አንድ ጣጣ አለበት። የምንኖረው በሁለት የቀን አቆጣጠርና በሁለት ሰዓት ነው። የቤት ኪራይ በእኛ ወር ይከፈላል፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የፓስፖርቱ ማብቂያ ግን በፈረንጆች ቀን ተጽፏል። «10/5/2018» ብቻውን ሲጻፍ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ወይስ የፈረንጆቹ ሜይ 10 ቀን 2018? በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ካነበበው ደግሞ ኦክቶበር 5 ይሆናል። መዝገብ ቤት ሳለሁ የወሩን ስም በፊደል ያልጻፈ ሰው ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። አጎቴ «ረቡዕ 02:00» የሚል የአውሮፕላን ቲኬት ያዘ። ሰዓቱን በትክክል ወደ እኛ መለሰው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን አንሥቶ፣ ቤተ ዘመድ አጅቦት አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሙሉ አልፎታል። የቲኬቱ ቀን የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ የዋዜማው ቀን ጅራት ነውና እስኪነጋ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። አያቶቻችን ለዚህ ግልጽ የሆነ አነጋገር ነበራቸው፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። ቲኬት በእጃችሁ ሲገባ ወዲያው እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፤ ከሥሩም «ከቤት መውጫ፦ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩ። አጎቴ አሁን ይህን ለሁሉም ይመክራል፤ ምክሩን ከየት እንዳመጣው ግን አይናገርም።

«ኮምፒውተር ላይ ያለ ነገር አይጠፋም፤ ይፈለጋል፣ ይገኛል»

እውነትነት አለው። ዊታከር የተባለ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት የ345 ሰዎችን የኢሜይል አጠቃቀም ተከታትለው ነበር። ኢሜይላቸውን በየማኅደሩ ሲከፋፍሉ የሚውሉት ሰዎች፣ በመፈለጊያው ሳጥን ቃል ጽፈው ከሚፈልጉት ይልቅ የተሻለ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ 40 ማኅደር ከፍቶ ኢሜይል ሲያከፋፍል የሚያመሽ ሰው ጊዜውን ያባክናል።

ችግሩ መፈለጊያው አማርኛ ላይ ሲደርስ ነው። እኛ «ሥራ» ብለን እናስቀምጥና በሁለተኛው ወር «ስራ» ብለን እንፈልጋለን። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሃፊ» ለዓይናችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸውና ብዙ ጊዜ «አልተገኘም» ይለናል። ፋይሉ እዚያው ነው፤ የጠፋው የእኛ አጻጻፍ ነው። ቢሮው ወይም ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ ይስማማ፤ የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ምሁራን ይተውላቸው። በፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፍ፦ «2018-05-10 የኪራይ ውል»። እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ወሩ 5 ሳይሆን 05 መባሉም ለዚሁ ነው። ደግሞ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «በእርግጥ የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ይቅሩ። ሦስቱንም በአንድ ማኅደር አግኝቼ የትኛው እንደተፈረመ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሰነድን በቴሌግራም ለራስ መላክም ጥሩ ነው፤ ግን ለራስ ብቻ ነው። እናንተ ሆስፒታል ብትተኙ ባለቤታችሁ የኢንሹራንሱን ወረቀት ከዚያ ማውጣት ይችላሉ?

«የተዝረከረከ ጠረጴዛ የሰነፍ ምልክት ነው»

የግድ አይደለም። ቶማስ ማሎን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 የቢሮ ሠራተኞችን ጠረጴዛ አጥንቶ ነበር። እንደ እርሱ ገለጻ የወረቀት ክምር ቦታ ከመያዝ ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ያልተፈጸመውን ጉዳይ ለባለቤቱ ያስታውሳል። ዓይን ያየው ክምር «እኔ አለሁ» ይላል። የማውቃቸው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከክምራቸው ውስጥ የተፈለገውን ደረሰኝ ሳያዩ ይመዝዙ ነበር። ዓመት ፈቃድ የወጡ ዕለት ግን ክፍሉ ሥራ ፈታ። እንግዲህ የእኔ መለኪያ እዚህ ላይ ነው የሚፈርደው፦ ክምሩ ይኑር፣ ግን በእያንዳንዱ ላይ «የሚከፈል»፣ «ፊርማ የሚጠብቅ» የሚል አንድ ቃል ይለጠፍበት።

«ጎበዝ ሰው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል»

ስልክ እያወራ ቡና የሚቆላን ሰው ጠይቁት። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በተዘዋወርን ቁጥር አእምሮ እንደገና ለመጀመር ጊዜ ይወስዳል፤ ስሕተትም ይጨምራል። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ማለት አያስፈልግም።

«21 ቀን ከደገምነው ልማድ ይሆናል»

የዚህ ቁጥር መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጽፍ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተውሎ ነበር። «ቢያንስ» የምትለው ቃል በመንገድ ወደቀች፤ የፊት ነገርም የልማድ ሁሉ ሕግ ሆነ። በኋላ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ ለንደን ላይ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው፣ አንድ አዲስ ተግባር ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ገመቱ፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። አንድ ቀን መዝለል ይህን ያህል ጉዳት እንደሌለውም አይተዋል።

ይህን ማወቅ ለቤት ሰላም ይጠቅማል። በራችን አጠገብ ለቁልፍ የሚሆን ሚስማር የመታሁ ጊዜ፣ ባለቤቴ በሦስት ሳምንት ስላልለመደው «አንተ መቼም አትለወጥም» ብዬው ነበር። በአምስተኛው ወር ገደማ አንድ ማታ በጨለማ ገባ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ሲንጠለጠል ድምፁን ሰማሁት። እሱ ራሱ መስቀሉን አላስተዋለም፤ ሻማ አብርቶ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይፈልግ ጀመር።