የጃፓን ዊስኪ የሚባለው የትኛው ነው?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ላብራራው። ጠርሙሱ ላይ የጃፓን ፊደል ስላለ ብቻ ዊስኪው የጃፓን ነው ማለት አይደለም። የአገሪቱ አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ መሠረት ብቅል የግድ ነው። ውሃውም የጃፓን፣ ጠመቃውና ማንጠሩም እዚያው። ከዚያ ቢያንስ 3 ዓመት ጃፓን ውስጥ በእንጨት በርሜል ይቆያል፤ እዚያው ይታሸጋል።

ለአዲስ ትንሽ ፋብሪካ ከባዱ 3 ዓመቱ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ዊስኪ እስኪደርስ ወጪው አይቆምም። አንዳንዱ ታዲያ የውጭ ዊስኪ ይቀላቅላል። በግልጽ ከተጻፈ ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ማንጠር የጀመረው ቺቺቡ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ቅልቅሉን «ወርልድ ብሌንድድ» (የዓለም ቅልቅል) ይለዋል። ይሄን ሐቀኝነቱን በጣም እወድለታለሁ።

ደንቡ የማኅበሩ እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ አባል ያልሆነ አምራች አይገደድበትም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍም አንብቡ።