ሥራ ያጣ መነኩሴ ለምን ቆቡን ቀዶ ይሰፋል?

አባቴ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ሬዲዮውን ፈታው። ሬዲዮው ደህና ነበር። ጠዋት ዜና ሰምቶበታል። ጋዜጣ ዘረጋ፣ ብሎኖቹን ትልቁን ከትንሹ ለይቶ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀመጠ፣ አቧራውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረገ። መልሶ ሲገጥመው አንድ ብሎን ተረፈ። እንደገና ፈታው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችውና «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለች። ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ግን አልሳቀም። ብሎኗን በሁለት ጣቶቹ መሐል ይዞ ዝም አለ።

ያ ዝምታ ከውስጤ አልወጣም። ተረቱን ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ቀልድ መስማት አቃተኝ።

አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ለቀልድ ነው። ያልተበላሸ ነገር ለሚጠግን፣ ያለቀ ጉዳይ ለሚነካካ፣ ስብሰባ ሳያስፈልግ ስብሰባ ለሚጠራ አለቃ። አንዳንዱ «ሥራ የፈታ መነኩሴ» ይለዋል፤ ትርጉሙ ያው ነው። እጁ ባዶ የሆነ ሰው የሌለ ሥራ ይፈጥራል፣ ያውም ደህናውን አበላሽቶ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቃላቱን አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ተረቱ ከዚህ በላይ ይናገራል።

መጀመሪያ፣ ለምን መነኩሴ ሆነ? ገበሬ ወይም ነጋዴ ለምን አልሆነም? መነኩሴ የሚያሳድገው ልጅ የለውም። የሚያወርሰው ሀብት የለውም። ደመወዝ አይጠብቅም፣ ዕድገት አይጠብቅም። ተረቱ ሆን ብሎ ገንዘቡን ከሥራው ላይ ቀነሰው። ገንዘብ ሲቀነስ የሚቀር ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱ መርፌና ክር ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚቀደው ቆቡን ነው። ቆብ ዝም ብሎ የራስ ልብስ አይደለም። «ቆብ ደፋ» ስንል መነኮሰ ማለታችን ነው። «ቆቡን ጣለ» ስንል ምንኩስናውን ተወ ማለታችን ነው። ስለዚህ መነኩሴው እጁ ያረፈበትን ጨርቅ ሁሉ አልቀደደም። የቀደደው ማንነቱን የሚያሳየውን ነገር ነው። ሥራ ያጣ ሰው ቀስ በቀስ የሚነካው ራሱን ነው፤ እኔ ከተረቱ የምሰማው ይሄንን ነው።

«ሥራ ፈታ» የሚለው አባባልም የራሱ ነገር አለው። የሚፈታው የታሰረ ነገር ነው። እስረኛ ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ የሸክም ገመድ ይፈታል። ሥራ ያስራል ብሎ ያየው የቋንቋችን ሰው አልተሳሳተም። ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ የማይሰማው ማን አለ! ግን ገመዱ ሲፈታ ሸክሙ መሬት ላይ ይበተናል። ቀኑም እንደዚያ ነው።

የተረቱ ዓለም ገዳም ነው። በገዳም ደግሞ ሥራ የጎን ነገር ሆኖ አያውቅም። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በበረሃ ብቻውን ሳለ ከባድ መሰልቸት ያዘው፣ ሐሳቡ ተበታተነ፣ ምን ላድርግ ብሎ ጸለየ። ወዲያው እሱን የሚመስል ሰው አየ። ሰውዬው ተቀምጦ ገመድ ይሠራል፣ ተነስቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ይሠራል። መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። በአራተኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ የማኅበር ገዳማትን ያደራጀው አባ ጳኩሚስም የእጅ ሥራን የመነኮሳቱ የየዕለት ሥርዓት አደረገው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስለ በረሃ አባቶች ሕይወት የጻፈው መነኩሴ ዮሐንስ ካሲያን በአምስተኛው መቶ ዘመን የጻፈው የአባ ጳውሎስ ታሪክ ነው። ይህ መነኩሴ በጣም ርቆ በበረሃ ይኖር ነበር። ሰው ያለበት ከተማ የሰባት ቀን መንገድ ነው። የሚሠራውን ወስዶ ልሽጥ ቢል የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። እሱ ግን የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ፣ ገቢ እንዳለው ሰው በየቀኑ ለራሱ የተወሰነ ሥራ እየመደበ ይሠራ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ዋሻው ይሞላል። ያን ጊዜ የዓመት ልፋቱን በእሳት ያቃጥለውና እንደገና ይጀምራል። ካሲያን ይህን የጻፈው ሊያደንቅ እንጂ ሊያሾፍ አይደለም፤ መነኩሴ ያለ እጅ ሥራ በቦታው ሊጸና አይችልም ሲል ነው።

ቆቡን ከሚቀደው መነኩሴ ጋር አስተያዩት። ሁለቱም ሠርተው ያፈርሳሉ። አንዱ ይደነቃል፣ ሌላው ይሳቅበታል። የሁለቱም እጅ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ በግልጽ ላውራ። ሰው ሥራ የሚይዝበት የመጀመሪያው ምክንያት የዕለት ጉርስ ነው። ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የታመመ ወላጅ አለ። ደመወዙ ወር ለማያደርሰው ሰው «ሥራ ትርጉም ይሰጣል» ብሎ መስበክ ደስ አይልም። ተረቱም ይሄን አልካደም። ሆዱ የሞላውን ሰው ነው የመረጠው።

እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ተመራማሪዎች ሥራ ላይ ያሉ 401 አሜሪካውያን ወንዶችን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሳትሠራ በደንብ የሚያኖርህ ውርስ ብታገኝ ሥራህን ትቀጥላለህ? 80 በመቶዎቹ አዎ አሉ። በአፍ መመለስና ማድረግ ይለያያሉ። ቢሆንም ይሄን ያህል ሰው አዎ ሲል ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ሥራው ሲጠፋስ ምን ይሆናል? ከቪየና ብዙም በማትርቅ ማሪየንታል በምትባል የኦስትሪያ መንደር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። መንደሯ የምትኖረው በሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋ፤ 478 ቤተሰብ የሚኖርባት መንደር ሥራ ፈታች። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይሰል የተባሉ ተመራማሪዎች የመንደሯን ሕይወት በቅርብ አጥንተው በ1933 አሳተሙ።

ሰው ጊዜ ሲያገኝ ብዙ ያነባል ብለን እናስባለን። በማሪየንታል የቤተ መጻሕፍቱ ክፍያ ተነሳ፣ ሰዉም ቀኑን ሙሉ ነፃ ሆነ፣ የሚዋሰው መጽሐፍ ግን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ወንዶቹ ሰዓት መያዝ ተዉ። የሚያስቸኩላቸው የለም፤ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ፣ በየመሐሉ እየቆሙ ይሄዱ ነበር። አንዱ ቀኑን በየሰዓቱ ጻፍ ሲባል ብዙ የሚጽፈው አጣ፤ «እስከዚያው እኩለ ቀን ይሆናል» ብሎ አለፈው። ሴቶቹ ግን እንዲህ አልሆኑም። ምግቡ፣ ልብሱ፣ ልጁ ይጠብቃቸዋል። ደመወዝ ቀረባቸው እንጂ ሥራ አልፈቱም።

ያሆዳ ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ ከደመወዝ ሌላ ምን እንደሚሰጥ ስትጽፍ ያቺ መንደር ከአእምሮዋ የወጣች አይመስለኝም። ሥራ ቀኑን ይከፍልልሃል፣ ከቤተሰብህ ውጪ ካለ ሰው ጋር ያገናኝሃል፣ ለብቻህ ከማትደርስበት ዓላማ ጋር ያስተሳስርሃል፣ ማን ነህ ሲሉህ መልስ ይሰጥሃል፣ እጅና እግርህን ያንቀሳቅሳል ትላለች። እኔ «ማን ነህ» የሚለው ላይ ነው የምቆመው። አዲስ ሰው ስንተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የምንጠይቀው «ምን ትሠራለህ?» ብለን ነው። ሥራ ያጣ ሰው ያቺን ጥያቄ ምን ያህል እንደሚፈራት የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም መቅደዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ላይ ሰዎች በክፍያ የሌጎ መጫወቻ እንዲገጣጥሙ ተደረገ። ለአንደኛው ቡድን የተሠራው ሁሉ ፊት ለፊቱ ይደረደርለታል። የሁለተኛው ቡድን ሰው ቀጣዩን ሲሠራ ግን የጨረሰው ዓይኑ እያየ ይፈታል። የክፍያው ደንብ አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 11 ገደማ ሠሩ። የሁለተኞቹ 7 ገደማ ላይ በቃኝ አሉ። ሲፈርስ እያዩ መሥራት አስጠላቸው። መነኩሴውም ያለበት እዚህ ነው። መርፌ አለው፣ ክር አለው፣ ጊዜ ሞልቶታል። የሌለው ያንን ቆብ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ለዚህ ነው በአባቴ መሳቃችን የቆጨኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠዋት ሲወጣ የሆነ ቦታ የሚጠብቀው ሰው ነበር። ቢዘገይ «የት ቀረህ?» የሚለው ነበር። ከጡረታ በኋላ እንደ ድሮው በሰዓቱ ይነቃል፣ ይለብሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ሬዲዮውን የፈታው ሬዲዮው ስለተበላሸበት አይደለም።

ከሁለት ወር በኋላ ጎረቤታችን ያለች ልጅ የአያቷን ሬዲዮ ይዛ መጣች። ድምፁ ይንሿሿል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። አባቴ መነጽሩን አደረገ። ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቶ አዳመጠ፣ ገለበጠው፣ የባትሪ ቤቱን ከፍቶ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ «ለመቼ ነው የምትፈልጉት?» አላት።

«ለቅዳሜ» አለች።

ከደብተር ላይ ብጣሽ ወረቀት ቀደደ። «ቅዳሜ» ብሎ ጻፈበትና በክር በሬዲዮው እጀታ ላይ አሰረው።