ጃንሆይ፣ የወሎ ረሃብና የእንቁጣጣሽ ማታው ፊልም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስለ ወሎ ረሃብ የተሠራ ፊልም አሳየ። በማግስቱ ጠዋት የ82 ዓመቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ተነበበላቸውና በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ሁለቱ ነገሮች እንዲህ ስለተከታተሉ፣ ስለ ንጉሡ የምናወራው ብዙው ነገር ዛሬም ከዚያ ማታ ይጀምራል።

«ንጉሡን የጣላቸው ፊልሙ ነው»

ፊልሙ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በጥር 1966 የነገሌ ቦረና ወታደሮች አመፁ፤ በየካቲት ታክሲ ነጂዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወደቀ። ከሰኔ ጀምሮ ደርግ ሹማምንቱን እየለቀመ ሲያስር ክረምቱ አለፈ። መስከረም ሲጠባ በንጉሡ ዙሪያ የቀረ ሰው ጥቂት ነበር።

«ምስል አይዋሽም»

ፊልሙ የተወሰደበት፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ከዓመት በፊት፣ በጥቅምት 1966 ነው። እዚያ ሕዝቡን አስደንግጦ የእርዳታ ገንዘብ አስገኘ። እዚህ የታየው ግን ያው ፊልም አይደለም፤ በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ገብተውበታል። አንዴ የተራበ፣ አንዴ የጠገበ፣ እንደገና የተራበ። ረሃቡም እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ተመልካቹ ግን ሁለቱ በአንድ ቀን የተፈጸሙ ያህል እያየ አደረ። ምስሎቹን እያፈራረቀ የቀጠለው ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ፍርዱን ሰጠ።

ይህን ስል ንጉሡን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። መንግሥታቸው ረሃቡን ሸፋፍኗል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። እንዲያውም ጥፋቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ቅጥያው ለምን አስፈለገ ያሰኛል።

ፊልሙን የቀጠለው የደርግ መንግሥት ራሱ በመስከረም 1977 አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ እንደገና ይራብ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ የውጭ ጋዜጠኞች ወደዚያ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። የኮረም መጠለያ በቢቢሲ የታየው በጥቅምት ነው።

«ረሃቡን ያወቅነው ከፈረንጅ ጋዜጠኛ ነው»

በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ አሳይተዋል። ተማሪው ጮኸ፤ ዜናው ግን በሳንሱር ምክንያት ከአጥሩ ብዙም አልራቀም። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1950 ገደማ፣ ትግራይን የፈጀ ረሃብ ነበር። ካሜራ ስላልደረሰበት ንጉሡ ሲወቀሱም ሲወደሱም ስሙ አይነሳም።

«መውደቃቸው ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጀምሮ የታወቀ ነበር»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደርግ ራሱ በሰኔ 1966 ሲቋቋም ለንጉሡ ታማኝ ነኝ ይል ነበር። «ያለ ምንም ደም» እያለ የዘመረው ሕዝብም ኅዳር 14 ቀን 1967 የስድሳ ባለሥልጣናት መገደል እስኪነገረው ድረስ መፈክሩን አምኖ ነበር። በኋላ ግን «እኔማ ገና ያኔ ብዬ ነበር» የማይል ሽማግሌ ማግኘት ይቸግራል።

ውሸታሞች ሆነው አይደለም። ባሩክ ፊሽሆፍና ሩት ቤይት የተባሉ ተመራማሪዎች እስራኤል ውስጥ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ኒክሰን በ1972 እ.ኤ.አ. ቻይናና ሶቭየት ኅብረትን ከመጎብኘቱ በፊት ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ዕድሉንም በቁጥር አስገመቷቸው። ጉብኝቱ ካለፈ በኋላ ያንኑ የራሳቸውን ግምት እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ለተፈጸመው ነገር ቀድሞ ከሰጡት ከፍ ያለ ቁጥር ጠሩ። ውጤቱን ማወቃቸው ትዝታቸውን አዛባው።

«ጊዜ ሲያልፍ እውነቱ ይጠራል»

አንዳንዴ ይጠራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ያጋድላል። አሁን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሚዞሩት የጃንሆይ ምስሎች የ1955ቱ የአፍሪካ አንድነት ጉባኤ፣ ዋሽንግተን ላይ ከኬኔዲ ጋር የተሳፈሩባት ክፍት መኪና፣ ንጹሕ የአዲስ አበባ ጎዳና ናቸው። በጀርባቸው ዜማ ይለቀቅባቸዋል። ወሎ የለችበትም፤ ከሥር «ያኔ ማን ይራብ ነበር?» ብለው የሚጽፉም አልጠፉም።