የመስክ ማስታወሻ ምንድን ነው?

የመስክ ማስታወሻ ማለት የሥነ ምህዳር ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ያየውን፣ የሰማውንና የለካውን እዚያው በቦታውና በሰዓቱ የሚያሰፍርበት መዝገብ ነው። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስቡ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የትኛውን ሶፍትዌር ቢማሩ ወይም የትኛውን ሁለተኛ ዲግሪ ቢይዙ እንደሚሻል ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመው ይህን ደብተር መያዝ እንዲለምዱ እመክራለሁ፤ ኋላ በኮምፒዩተር የሚሠራው ስሌት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ጽሑፍ ላይ ነውና፣ በመስክ ሳይጻፍ የቀረውን ነገር ቢሮ ተቀምጦ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በማስታወሻው ላይ ቀኑ፣ ሥራው የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ቦታው ከነከፍታው፣ የአየሩ ሁኔታና የተመልካቹ ስም ይሰፍራሉ። ከዚህ የሚከብደው ያዩትን ከገመቱት መለየት ነው። «ሦስት ጭላዳዎች ሣር ሲነቅሉ አየሁ» ምልከታ ሲሆን «ጭላዳዎቹ ተርበዋል» ግን ግምት ስለሆነ፣ ግምት መሆኑ ተጠቅሶ ለብቻው መጻፍ አለበት። ምንም ያልታየበት ቀንም ይመዘገባል፤ ባዶ የተተወ ገጽ እንስሳው አለመኖሩን ይሁን ተመልካቹ አለመሄዱን አይናገርም።

በእኛ አገር ደግሞ የቀንና የሰዓት አጻጻፍ የራሱ ጣጣ አለው። «5/1/2016» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የክረምቱ መውጫ መስከረም 5 ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚያነበው ሰው ግን ሌላ ወር፣ ያውም ከሰባት ዓመት በላይ የራቀ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓትም በጂፒኤስ መሣሪያው ላይ 8፡00 ተብሎ ይታያል። ስለዚህ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀሙ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማስፈርና እስከ መጨረሻው ከዚያ አለመውጣት የግድ ነው።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ቀበሮ» ብቻ ብሎ የጻፈ ተማሪ ቀይ ቀበሮን ይሁን ሌላውን ቀበሮ ማየቱን ከጊዜ በኋላ ራሱም ማረጋገጥ ይቸግረዋል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ብቻ የሚኖር፣ አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች የሚገኙ እንስሳ ስለሆነ በአንዱ መሳሳት ቀላል ጥፋት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ የዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎችን በፈጀ ጊዜ፣ በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት በክትባት ለመግታት የተቻለው መንጋዎቹን በእግር እየተከታተሉ የሚመዘግቡ ሰዎች ስለነበሩ ጭምር ነው። አንድ እንስሳ ሞቶ መገኘቱ አሳሳቢ መሆኑን የሚያውቀው የደህናውን ጊዜ መዝገብ የያዘ ሰው ነው።

ልምዱን ለመጀመር ምርቃትን ወይም ቅጥርን መጠበቅ አያስፈልግም። በሰፈር የሚገኝ የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም የዩኒቨርሲቲው ግቢ ይበቃል፤ በየሳምንቱ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት እየሄዱ የታዩትን ወፎች ወይም ያበቡትን ዛፎች መጻፍ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኅደር) ከናሙናዎቹ ጋር የሚቀመጡት መግለጫዎች ጥሩ አርአያ ናቸው፤ እያንዳንዱ መግለጫ አጭር የመስክ ማስታወሻ ነውና። ፓርክ ውስጥ የመሥራት ዕድል ያገኘ ተማሪ ደግሞ ከስካውቶቹ (ከፓርኩ ጠባቂዎች) ጋር ይሂድ፤ አካባቢው የሚናገረውን ቋንቋ፣ በባሌ ከሆነ አፋን ኦሮሞን፣ ይማር፤ ስካውቶቹ የነገሩትንም «እገሌ እንደነገረኝ» ብሎ ከራሱ ምልከታ ለይቶ ይጻፍ።

ዝናብ ቀለምን ስለሚያጥብ በእርሳስ መጻፍ ይሻላል። ስህተት ሲገኝ አይፋቅም፤ የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ እርማቱም ከጎኑ ይጻፋል። ማታ ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ ደብተር ወንዝ ሲሻገሩ ሊወድቅ ይችላል።