የአሜሪካ አማፂያንና የአውሮፓ ነገሥታት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የተሳሳተ አመለካከት፦ ፈረንሳይ በእንግሊዝ ላይ ያመፁትን 13 የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የረዳችው ለነፃነት ካላት ፍቅር ነው።

እውነታው፦ ሉዊ 16ኛ በገዛ አገሩ እንዲህ ያለ ዓመፅ የሚታገሥ ንጉሥ አልነበረም። ነገሩ ቂም ነው፤ ፈረንሳይ በ1763 ካናዳን ለእንግሊዝ አስረክባ ነበርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቬርዤን ይህን ብድር የሚመልስበት ቀን ይጠብቅ ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ እርዳታው የተጀመረው አማፂያኑ በ1777 ሳራቶጋ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ነው።

እውነታው፦ ድሉ ያፋጠነው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1778 በፈረንሳይና በአማፂያኑ መካከል በይፋ የተፈረመውን የጦር ቃል ኪዳን ነው። በስውር ግን ንጉሡ በሜይ 1776፣ የነፃነት አዋጁ ከመውጣቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ አንድ ሚሊዮን ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ፈቅዶ ነበር፤ ስፔንም ያንኑ ያህል ጨመረች። ተውኔት ጸሐፊው ቦማርሼ በዚህ ገንዘብ ለይስሙላ የንግድ ቤት ከፍቶ ባሩድና ጠመንጃ ይልክ ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ይህ ሁሉ ከእንግሊዝ ተሰውሮ ነበር።

እውነታው፦ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኞች ጸሐፊ የነበረው ኤድዋርድ ባንክሮፍት የእንግሊዝ ሰላይ ነበር። የፍቅር ደብዳቤ ጽፎ በመስመሮቹ መካከል ምስጢሩን በማይታይ ቀለም ያሰፍርና ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ ማክሰኞ ማታ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ በአንድ ዛፍ ሥር ባለ ጉድጓድ ይደብቀው ነበር። እንግሊዝ የጎደላት ወሬ አልነበረም ማለት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ስፔንም የአሜሪካ የቃል ኪዳን አጋር ነበረች።

እውነታው፦ ስፔን በ1779 ውል የገባችው ከፈረንሳይ ጋር ብቻ ነው፤ ዓይኗም ያረፈው እንግሊዝ በያዘችው የስፔን ደቡብ ጫፍ፣ ጂብራልታር ላይ ነበር። የራሷ ቅኝ ግዛቶች አርአያውን እንዳይከተሉ ስለምትሰጋ፣ የአሜሪካ መልእክተኛ ጆን ጄይ ማድሪድ ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ቢመላለስም የአገሩን ነፃነት ሳታውቅለት ሄደ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አሜሪካውያን ያለ ፈረንሳይ ምክር አንድ እርምጃ አልሄዱም።

እውነታው፦ የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ኮንግረሱ፣ ያዘዘው እንደዚያ ነበር፤ መልእክተኞቹ ፍራንክሊን፣ አዳምስና ጄይ ግን ትእዛዙን ትተው ለቬርዤን ሳያማክሩ ከእንግሊዝ ጋር ተደራደሩ፤ ኖቬምበር 30 ቀን 1782ም የመጀመሪያውን የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ቬርዤን ሲቆጣ ፍራንክሊን ጥፋቱን እንደ ተራ የአክብሮት ጉድለት አቅልሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንግሊዞች አጋሮቹን የለያዩ መስሏቸው እንዳይደሰቱም አሳሰበ። በዚያው ሰሞን ፈረንሳይ ለእነዚሁ ሰዎች የስድስት ሚሊዮን ሊቭር አዲስ ብድር ፈቀደች።