የአሜሪካ ልጆች የቆዳ ጫማ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ

በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ከተሜ ልጅ የዘወትር ጫማ ከቁርጭምጭሚት ከፍ የሚል፣ በክር ወይም በቁልፍ የሚታሰር የቆዳ ቡት ነበር። ባለቁልፉ ትዕግሥት ይፈታተናል። ትናንሽ ክብ ቁልፎች በእግሩ የውጭ ጎን ከታች ወደ ላይ ይደረደራሉ፤ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ስለሆኑ በጣት ብቻ መቆለፍ ያስቸግራል። ስለዚህ ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ብረት በቀዳዳው ይሾልካል፣ የቁልፉን አንገት ይይዛል፣ ከዚያ ተስቦ ይወጣል። እናቶች ይህን ለየልጁ፣ ለሁለቱም እግር፣ በየማለዳው ያደርጉት ነበር።

እንዲህ ያለ ጫማ ለሠራተኛ ቤተሰብ እንዲደርስ ያደረገው ማሽን ነው። ለማሽን አልገዛ ብሎ የቆየው ሥራ የላይኛውን ቆዳ የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ ወጥሮ ከሶሉ ጋር ማያያዝ ነበር፤ የሠለጠነ ባለሙያ በቀን 50 ጥንድ ያህል ይወጥር ነበር። ከሱሪናም የመጣው ጥቁር ስደተኛ ያን ኧርነስት ማትዘሊገር በማሳቹሴትስ ግዛት በሊን ከተማ የጫማ ፋብሪካ ሲሠራ ቆይቶ ይህን የሚያከናውን ማሽን ፈለሰፈ፤ በ1883 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። ማሽኑ በቀን እስከ 700 ጥንድ ያደርስ ነበር። ማትዘሊገር በ1889 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና የ36 ዓመት ሰው ነበር፤ ስለ ጫማ ታሪክ ሲወራ ስሙ መዘለሉ ያሳዝናል።

ሽያጩም ልጆችን በቀጥታ ማባበል ጀመረ። የሴንት ሉዊሱ ብራውን የጫማ ኩባንያ በ1904 የጋዜጣ ሥዕል ገጸ ባህሪ የሆነውን በስተር ብራውንን ከውሻው ከታይግ ጋር የጫማው መለያ አደረገ። ገጸ ባህሪውን መስለው የለበሱ አጫጭር ተዋንያን ከውሻ ጋር በየመደብሩ ይዞሩ ነበር።

በደቡብ ግዛቶች ገጠር ግን ብዙ ልጅ ውርጭ እስኪመጣ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል እጭ ከተበከለ አፈር በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ደም እየመጠጠም ልጁን ያመነምናል፣ ትምህርት ያደክመዋል። ሰነፍ ተብለው የተሰደቡት ልጆች ብዙዎቹ ሕሙማን ነበሩ። በ1909 የነዳጅ ዘይት ባለሀብቱ ጆን ሮክፌለር በለገሱት 1 ሚሊዮን ዶላር የተቋቋመው የጤና ኮሚሽን በ11 ግዛቶች ምርመራ ሲያካሂድ፣ ከታዩት ልጆች 40 በመቶ ያህሉ ትሉ ተገኘባቸው። ኮሚሽኑ እስከ 1914 መድኃኒት ከማደሉ ጎን ለጎን መጸዳጃ ቤት እንዲሠራና ልጆች ጫማ እንዲያደርጉ አስተማረ።